የአንድ የጦር ሜዳ ሁለት ምስክሮች፤ የሊትል ቢግሆርን ታሪካዊ ስፍራ አጠባበቅ

አንድ መንግሥት አንድን ሜዳ ወይም አንድን ተራራ ታሪካዊ ስፍራ ብሎ ሲከልል ሁለት ሥራ ይይዛል። አንደኛው መሬቱን ከእርሻ፣ ከመንገድና ከሕንፃ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው በዚያ መሬት ላይ ስለ ተፈጸመው ነገር መናገር ነው፤ ይኸውም ለስፍራው ስም ማውጣት፣ ሐውልት ማቆም፣ ጽሑፍ መለጠፍና ለጎብኚው የሚያስረዳ ሰው መመደብ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በአጥርና በዘበኛ ይፈጸማል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሰው በመጽሐፍ ያነበበውን ሊጠራጠር ሲችል፣ በስፍራው ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ያገኘውን ግን ድርጊቱን በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ይቀበለዋልና። ስለዚህ በታሪካዊ ስፍራ ላይ የተተከለ ስሕተት በመጽሐፍ ከተጻፈው ስሕተት ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር በሰሜን አሜሪካ በሞንታና ክፍለ ግዛት የሚገኘው የሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ የታወቀ ምሳሌ ነው። ውጊያው የተደረገው በ1876 ሲሆን ከሁለት ቀን አላለፈም፤ ስለ ውጊያው ምን ይነገር፣ በማንስ አንደበት ይነገር የሚለው ክርክር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የሕዝቦችን ባህልና ታሪክ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ስፍራው ልዩ ጥቅም አለው። በውጊያው ድል ያደረጉት ሕዝቦች ታሪካቸውን በቃልና በሥዕል ሲያቆዩ፣ ድል የተደረገው ወገን በጽሑፍና በድንጋይ አቆየው፤ ለረዥም ዘመንም በስፍራው ላይ የተሰማው የሁለተኛው ቃል ብቻ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩ የውጊያው ምክንያትና አፈጻጸም

በ1868 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከላኮታ ሕዝብና ከተባባሪዎቹ ጋር በፎርት ላራሚ የሰላም ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ብላክ ሂልስ የተባሉት ተራሮች በላኮታ ይዞታ ውስጥ እንዲጸኑ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ የሚገኘው ሰፊ አገር የአደን ስፍራቸው ሆኖ እንዲቆይ ተወሰነ። ነገር ግን በ1874 በሌተና ኮሎኔል ጆርጅ አርምስትሮንግ ካስተር የተመራ ጦር በእነዚህ ተራሮች ወርቅ መኖሩን አስታውቆ ተመለሰ፤ ወርቅ ፈላጊዎችም ውሉን ጥሰው ገቡ። መንግሥቱ በ1875 ተራሮቹን ለመግዛት ጠይቆ እሺታ ባላገኘ ጊዜ፣ በአደን አገር የሚኖሩት ሁሉ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 1876 ድረስ ወደ ተመደቡላቸው የመንግሥት ጣቢያዎች እንዲገቡ፣ ያልገቡትም እንደ ጠላት እንዲቆጠሩ አዘዘ። ጊዜው የክረምቱ ብርድ የጸናበት ወቅት ነበር። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ጦር በሦስት አቅጣጫ ተላከባቸው።

በጁን 25 ቀን ካስተር 600 ያህል ሰዎች ያሉበትን 7ኛውን የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ይዞ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር የሰፈረውን መንደር ለመምታት ደረሰ። ላኮታዎች ይህን ወንዝ በቋንቋቸው «ቅባታም ሣር» ብለው ይጠሩታል። በሰፈሩ የላኮታ፣ የሻያንና ጥቂት የአራፓሆ ሰዎች ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በብዙ ሺህ ይቆጠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ1,500 እስከ 2,000 የሚሆኑት ተዋጊዎች እንደ ነበሩ ይገመታል። ካስተር ጦሩን ከፋፍሎ አሰለፈ። ሻለቃ ሪኖ በደቡብ በኩል አጥቅቶ ተመታና ወደ ኮረብታ ሸሸ፤ ሻምበል ቤንቲንም በዚያው ኮረብታ ከእርሱ ጋር ተገናኘ። በካስተር ሥር የተሰለፉት አምስት የሻምበል ጦሮች ግን፣ በቁጥር 210 ያህል ሰዎች፣ አንድም ሳይተርፍ አለቁ። ከመንግሥቱ ጦር በጠቅላላው 260 ያህል ሲሞቱ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች ወገን የሞቱት ከ60 እስከ 100 ይገመታሉ።

ነገሩን በነጭና በነባር ሕዝብ መካከል ብቻ እንደ ተደረገ ጠብ መቁጠር ግን ትክክል አይሆንም። የክሮውና የአሪካራ ሰዎች መንገድ መሪና ሰላይ ሆነው ከካስተር ጦር ጋር ተሰልፈው ነበር። ክሮዎች ይህን ያደረጉበት ምክንያት ላኮታዎች ከአደን አገራቸው እየገፉ ያስወጧቸው ስለ ነበረ ነው፤ የጦር ሜዳውም ቢሆን ዛሬ የሚገኘው በክሮው ሕዝብ ክልል ውስጥ ነው። ስለ ስፍራው የሚነገር ታሪክ ሁሉ ይህን ውስብስብነት ችሎ መያዝ ይገባዋል።

፪ ሐውልቱና ስሙ

በ1879 ሜዳው የመንግሥት የወታደሮች መቃብር ተብሎ ተከለለ። በ1881 ካስተርና ሰዎቹ በወደቁበት ኮረብታ ላይ የሟች ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ትልቅ ሐውልት ከግራናይት ድንጋይ ተሠርቶ ቆመ፤ የወታደሮቹም አጥንት በሥሩ ተሰብስቦ ተቀበረ። በ1890 ደግሞ እያንዳንዱ ወታደር በወደቀበት ስፍራ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ድንጋይ ተተከለ። የካስተር ሚስት ኤልሳቤጥ ከ1885 ጀምሮ ባሳተመቻቸው መጻሕፍት የባሏን ስም አከበረች፤ እስከ 1933 በሕይወት ስለ ቆየችም፣ መበለቲቱን ላለማሳዘን ብለው ነቀፋቸውን በልባቸው የያዙ ብዙዎች ነበሩ። በ1896 አንድ የቢራ ፋብሪካ ካስተር በጠላት ተከቦ ሲዋጋ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አሳትሞ ለመጠጥ ቤቶች አደለ። ስለዚህ ሕዝቡ ውጊያውን ያወቀው በዚህ ሥዕል መልክ ነው፤ ይኸውም ጥቂት ጀግኖች በአንድ ኮረብታ ላይ ሆነው እስከ መጨረሻው ጥይት ድረስ በሥርዐት ሲከላከሉ የሚያሳይ ነው።

ስፍራው በ1940 ከጦር ሚኒስቴር ወደ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በ1946ም «የካስተር የጦር ሜዳ ብሔራዊ መታሰቢያ» ተብሎ ተሰየመ። በዚህ አጠራር የተሸነፈው አዛዥ ስም ለሜዳው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ድል ላደረጉት ሕዝቦች ግን መንግሥት ያቆመው የድንጋይ መታሰቢያ አልነበረም። የሻያንና የላኮታ ቤተ ዘመዶች የሞቱባቸው ሰዎች በወደቁበት ስፍራ ድንጋይ ከምረው ምልክት አድርገው ነበር፤ ይህን ክምር የሚያውቀው የሟቹ ወገን ብቻ እንጂ ጎብኚው አልነበረም። በ1925 ሌም ኋይት ማን የተባለው የሻያን አለቃ ልጅ አባቷ በሞተበት ስፍራ ምልክት እንዲደረግለት ለባለ ሥልጣኖች በጽሑፍ ብታመለክትም ልመናዋ አልተፈጸመላትም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ በዚህ ሜዳ ሁለቱም ወገኖች የተወጉ ስለ ነበሩ ሁለቱም አልረሱም፤ ነገር ግን የአንደኛው ትዝታ በመንግሥት ወጪ በድንጋይ ሲቀረጽ የሁለተኛው በቤተ ዘመድ መካከል ቀረ።

፫ የነበረው ግን ያልተሰማው ምስክርነት

የነባሮቹ ሕዝቦች ቃል በስፍራው ላይ ያልተጠቀሰው ምስክርነታቸው ስላልተገኘ ነው ሊባል አይቻልም። ሐውልቱ በቆመበት በዚያው በ1881 ሬድ ሆርስ የተባለ በውጊያው የነበረ የላኮታ አለቃ፣ በሻያን ወንዝ ጣቢያ፣ ለጦሩ ሐኪም ለዶክተር ቻርልስ ማክቼስኒ ያየውን ሁሉ በእጅ ምልክት ቋንቋ ነገረው፤ በወረቀትም ላይ 42 ሥዕሎች ሣለለት። ሥዕሎቹ የሰፈሩን ድንኳኖች፣ የጦሩን አመጣጥ፣ ውጊያውን፣ የሞቱትን ወታደሮች፣ የሞቱትን ላኮታዎችና ፈረሶች፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ሰፈሩን ለቅቆ ሲሄድ ያሳያሉ። ሬድ ሆርስ እንዳስረዳው፣ በመጨረሻው ሰዓት ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ልባቸው ጠፍቶ መሣሪያቸውን እየጣሉ እንዲማረኩ ለመኑ፤ ላኮታዎችም አንድ ሰው እንኳ ሳይማርኩ ሁሉንም ገደሉ። ምስክሩ የጠላቱን ድንጋጤ ብቻ ሳይሆን የወገኑን ጭካኔም አልሸሸገም። ይህ ቃል በ1893 በአሜሪካ የሕዝቦች ጥናት ቢሮ ዓመታዊ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጋሪክ ማለሪ ስለ ሥዕላዊ ጽሕፈት ባዘጋጀው ጥናት ታትሟል። ሥዕሎቹም እስከ ዛሬ በስሚዝሶንያን ተቋም ይገኛሉ።

ከዚህም ሌላ በ1886፣ በውጊያው 10ኛ ዓመት፣ ጎል የተባለው የላኮታ የጦር አለቃ በሜዳው ላይ ተገኝቶ የውጊያውን አካሄድ አስረድቷል። ጎል በሪኖ ጥቃት ጊዜ ሁለት ሚስቶቹና ልጆቹ የተገደሉበት ሰው ነበር። ዉደን ሌግ የተባለው የሻያን ተዋጊም የሕይወቱን ታሪክ ለሐኪሙ ለቶማስ ማርኪስ ነግሮ በ1931 በመጽሐፍ ታትሞለታል።

እነዚህ ምስክርነቶች ወደ ጎን የተተዉበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። መጀመሪያ፣ ቃሎቹ እርስ በርሳቸው የማይስማሙባቸው ቦታዎች ነበሩ። ይህ የሆነው ተዋጊው የሚናገረው በዓይኑ ያየውን ብቻ ስለ ነበረ ነው፤ በሸለቆው ውስጥ የነበረ ሰው በኮረብታው ላይ የሆነውን እኔ አየሁ አይልም። ጠያቂዎቹ ግን አንድ ሰው ውጊያውን ከዳር እስከ ዳር እንዲተርክላቸው ይፈልጉ ነበር። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የተጠየቁት በመንግሥት ጣቢያ፣ በመንግሥት ቀለብ እየኖሩ ስለ ነበረ ቅጣት ይፈሩ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ጠያቂውን ደስ የሚያሰኝ መልስ የሰጡ አሉ። ሦስተኛ፣ አስተርጓሚው ያሳሳተው ነገር አልታጣም። እነዚህ ሁሉ ቃሉን መርምሮና አመዛዝኖ ለመውሰድ በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ ጨርሶ ለመተው ግን ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። የጦሩ መኰንኖች ጽሑፍ ከዚህ ያላነሰ ጥርጣሬ የሚያስነሣ ሲሆን፣ እርሱ ግን ያለ ምርመራ ተቀባይነት አገኘ።

፬ የመሬቱ ምስክርነት

በ1983 በጦር ሜዳው ላይ የሣር እሳት ተነሥቶ መሬቱን አራቆተው። ይህም አደጋ ለምርምር በር ከፈተ። በ1984ና በ1985 ዳግላስ ስኮትና ሪቻርድ ፎክስ የተባሉ የሥነ ቍፋሮ ሊቃውንት ከብዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ሜዳውን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ በረድፍ በረድፍ መረመሩ። የተገኘው ጥይትና ቀለህ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የወደቀበት ስፍራ በጥንቃቄ ተለክቶ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ፖሊሶች ወንጀል ሲመረምሩ የሚሠሩበት ዘዴ ተግባር ላይ ዋለ። የእያንዳንዱ ጠብመንጃ መምቻ በቀለሁ ቂጥ ላይ የሚተወው ምልክት ከሌላው የተለየ ስለ ሆነ፣ አንድ ጠብመንጃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እየተኰሰ እንደ ሄደ ለመከታተል ተቻለ።

የተገኘው ውጤት ከመጠጥ ቤቱ ሥዕል ጋር አልተስማማም። ከነባሮቹ ተዋጊዎች ብዙዎቹ ሄንሪና ዊንቸስተር የሚባሉትን፣ ሳይጎርሱ በተከታታይ የሚተኰሱትን ጠብመንጃዎች ይዘው ነበር፤ ወታደሮቹ ግን በየተኩሱ በሚጎረሰው ስፕሪንግፊልድ ይዋጉ ነበር። የቀለሆቹም አቀማመጥ ረዥምና ሥርዐት ያለው የመጨረሻ መከላከል እንደ ነበረ የሚያሳይ አልሆነም። ፎክስ በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ የጦሩ አሰላለፍ ፈርሶ ወታደሮቹ በድንጋጤ ተበታትነው እንደ ተገደሉ አስረዳ። ይህ ሬድ ሆርስና ሌሎቹ ከመቶ ዓመት በፊት የተናገሩት ነገር ነው።

ምርመራው የነጮቹን ድንጋዮችም ስሕተት ገለጠ። በካስተር ሜዳ ላይ የተተከሉት ድንጋዮች 250 ያህል ሲሆኑ በዚያ ክፍል የሞቱት ሰዎች ግን 210 ያህል ብቻ ናቸው። በሪኖና በቤንቲን ኮረብታ በኩል ለሞቱት የታሰቡ ድንጋዮች በዚህኛው ሜዳ ስለ ተተከሉ፣ ሰው ያልወደቀበት ስፍራ ሰው የወደቀበት ሆኖ ይታይ ነበር።

ይሁን እንጂ መሬቱ የነባሮቹን ቃል ሁሉ አላጸናም። አንዳንድ የሻያን ተዋጊዎች ከወታደሮቹ አብዛኞቹ ራሳቸውን እንደ ገደሉ ተናግረው ነበር፤ ከተገኙት አጥንቶች ግን እንዲህ ያለ የብዙዎች ራስን መግደል መደረጉን የሚደግፍ ማስረጃ አልተገኘም። እንግዲህ ምርመራው ፍርድን ከአንዱ ወገን አንሥቶ ለሌላው የሰጠ አይደለም። ያደረገው የሁለቱንም ቃል በአንድ ሚዛን መመዘን ነው።

፭ የስሙ መለወጥና አዲሱ መታሰቢያ

የሊቃውንቱ ምርምር ብቻውን የስፍራውን መልክ አልለወጠም። በ1976 በመቶኛው ዓመት በዓል ጊዜ የነባር ሕዝቦች ልጆች በሜዳው ላይ ተቃውሞ አሰሙ። በ1988 ራስል ሚንስ የመራቸው ሰዎች ለተዋጊዎቻቸው መታሰቢያ የሚሆን የብረት ሰሌዳ በወታደሮቹ የጋራ መቃብር ላይ አስቀመጡ። መሥሪያ ቤቱ ሰሌዳውን ከመቃብሩ ላይ ቢያነሣውም አልጣለውም፤ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ሆኗልና በቤተ መዘክሩ ውስጥ እንዲታይ አደረገ። በ1989 ከነባር ሕዝቦች የተወለደችው ባርባራ ቡኸር የስፍራው ኃላፊ ሆና ተሾመች።

በዲሴምበር 10 ቀን 1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ የፈረሙት ሕግ የስፍራውን ስም «የሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ ብሔራዊ መታሰቢያ» ብሎ ለወጠው፤ ለነባሮቹ ሕዝቦችም መታሰቢያ እንዲሠራ ፈቀደ። ለሕጉ መውጣት ከደከሙት አንዱ በምክር ቤቱ አባል የነበሩት የሻያን ተወላጅ ቤን ናይትሆርስ ካምፕቤል ናቸው። ተቃዋሚዎች ታሪክ እየተሠረዘ ነው ሲሉ፣ ደጋፊዎች የጦር ሜዳ በስፍራው ስም እንጂ በአንድ ሰው ስም መጠራት የለበትም ሲሉ ተከራከሩ። መታሰቢያው ተሠርቶ የተመረቀው ሕጉ ከወጣ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጁን 25 ቀን 2003 ነው።

የመታሰቢያው አሠራር ሊጠና የሚገባው ነው። መሬቱ ክብ ሆኖ ተቈፍሮ በግንብ ተከቧል፤ በውስጡም እያንዳንዱ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገርበት ሰሌዳ አለው። ከካስተር ጋር የተሰለፉት ክሮዎችና አሪካራዎችም በዚሁ ክብ ውስጥ ስፍራ አግኝተዋል። በ1881 የቆመው የወታደሮቹ ሐውልት አልፈረሰም፤ ከተተከለበት አልተነቃነቀም፤ ስሙም አልተፋቀም። በግንቡ ላይ ወደዚያ ሐውልት የሚያሳይ ክፍት በር ተትቶ፣ በአንደኛው መታሰቢያ ውስጥ የቆመ ሰው ሁለተኛውን እንዲያይ ሆኗል። ከዚህ በፊት በ1999 ለሌም ኋይት ማንና ኖይዚ ዎኪንግ ለተባለው ሌላ የሻያን ተዋጊ በወደቁበት ስፍራ ቀይ ድንጋይ ተተከለላቸው። ሴት ልጁ ደብዳቤዋን ከጻፈች 74 ዓመት ሆኖ ነበር።

፮ ታሪክን የማክበርና ታሪክን የመመርመር ልዩነት

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም። በማርች 27 ቀን 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ አገሪቱ ታሪክ አቀራረብ አንድ ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙ ባለፉት ዓመታት የአገሪቱ ታሪክ በተዛባ መልክ ሲቀርብ ቆይቷል በማለት፣ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ባሉት ስፍራዎች የሚገኙ ሐውልቶችና ጽሑፎች በሕይወት ያሉትንም ሆነ ያለፉትን አሜሪካውያን አላግባብ የሚያንኳስሱ እንዳይሆኑ፣ ይልቁንም የሕዝቡን ታላቅነትና እድገት እንዲገልጹ ያዝዛል። ሚኒስቴሩም በሜይ 2025 ይህን የሚያስፈጽም መመሪያ አወጣ፤ በፓርኮቹም ውስጥ አሜሪካውያንን የሚነቅፍ ጽሑፍ ያየ ጎብኚ እንዲያመለክት የሚጠይቅ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የታሪክ ምሁራን ማኅበራት ትእዛዙን ተቃወሙ።

እንዲህ ያለው መለኪያ የሚያስከትለው ችግር በሊትል ቢግሆርን ምሳሌ በግልጽ ይታያል። የ1868ቱ ውል መጣሱን የሚናገር ጽሑፍ አሜሪካውያንን ያንኳስሳል ከተባለና ከተነሣ፣ ጎብኚው 600 ፈረሰኞች ወደዚያ ወንዝ ለምን እንደ መጡ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም፤ የሚያየው መቃብር ብቻ ይሆናል። የወታደሮቹ መደናገጥ ክብር ይነካል ተብሎ ከተተወም፣ የመጠጥ ቤቱ ሥዕል ተመልሶ ታሪክ ይሆናል። ደግሞም በነገሩ ውስጥ አሜሪካውያን የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቀዩ ድንጋይ ሥር የሚታሰበው ሌም ኋይት ማን የዚያች አገር ልጅ ነውና።

ማመስገንን መለኪያ ያደረገ አቀራረብ ከተቃራኒው ወገን ቢመጣም ያው ስሕተት ይደርስበታል። ላኮታዎችን ነቀፋ የሌለባቸው አድርጎ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው የክሮዎችን በደል መሸሸግ፣ ሬድ ሆርስ ራሱ የመሰከረውንም አንድ ምርኮኛ አለመወሰዱን መዝለል ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ሲያደርግ የሚከዳው የሚያከብረውን ምስክር ነው።

አንድ ዳኛ የሁለቱን ወገን ምስክሮች ሰምቶ፣ ቃላቸውን ከሚታየው ማስረጃ ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል፤ ስሕተት በተገኘ ጊዜም የቀድሞው ፍርድ ከመዝገቡ ተቀድዶ አይጣልም። በሊትል ቢግሆርን የተደረገው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው። የ1881ዱ ሐውልት የዚያ ዘመን ሰዎች ምን ያስቡ እንደ ነበር ስለሚያስረዳ እንደ ቆመ አለ፤ በአጠገቡም እርሱ ያልተናገረውን የሚናገር ሁለተኛ መታሰቢያ ቆሟል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን መሬት ደግሞ ተመራማሪዎች ጥይት በጥይት መዝግበውታል። ይህ ሥራ ከውጊያው ቀን ጀምሮ 127 ዓመት ፈጅቷል። ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ፣ ቃላቸውም በቢሮው መጽሐፍ ታትሞ በነበረ ጊዜ ቢጀመር ኖሮ፣ ጎልና ሬድ ሆርስ ዓይናቸው እያየ ሊፈጸም በቻለ ነበር። ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ዛሬ እየመዘገበ ያለ ተመራማሪም ከዚህ የሚረዳው፣ ምስክርነትን በቤተ መጻሕፍት ማኖር የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው፤ የቀረው እኩሌታ ያ ቃል ድርጊቱ በተፈጸመበት ስፍራ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ እንዲጻፍ ማድረግ ነው።